ለእናት የሚላክ ቫይታሚን

(ይህ በዓርብ ስብሰባችን ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ እህቶችም ያንብቡት ስለተባለ ትንሽ አስተካክዬ ጻፍኩት።)

በአንዷ የዕረፍት ቀናችሁ፣ ያውም ከስድስት ኦክቶበርና ከተጋሞዕ ድረስ በሚክሮባስ ተንገላታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው እንድናገር የሰጠኝ ርዕስ ቫይታሚን ነው። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ቫይታሚን፣ ካልሲየም፣ የዓሣ ዘይት፣ እነዚህ በጠርሙስ የሚሸጡ ነገሮች ይጠቅማሉ ወይስ አይጠቅሙም የሚል ነው።

ርዕሱ የተመረጠው በምክንያት ነው። ወደ አገር ቤት የምትሄድ እህት በተገኘች ቁጥር ሁላችንም ዕቃ እናስይዛታለን። ሻንጣው ሲከፈት ታዲያ ከልብሱም ከጫማውም መሀል ብቅ ብቅ የሚለው ምንድነው? የቫይታሚን ጠርሙስ ነው። ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ስንት ቀን ወለል እንደወለወልን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ደሞ አብዛኞቻችን ሁለት አሮጊት ነው ያለን። አንዷ እዚህ ካይሮ በደሞዝ የምንጦራቸው፣ ሌላዋ አገር ቤት ያለች እናታችን። ለሁለቱም ክኒን የሚደርሰው በእኛ እጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተናል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴንም አስረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ የ81 ዓመት ሐጃ ስጦር የመድኃኒታቸውን ሳጥን በየሳምንቱ የምሞላው እኔ ነኝ። ይሄን ንግግር ለማዘጋጀት ማታ ማታ በስልኬ ብዙ አነበብኩ። የጻፍኩትንም አገር ቤት በነርስነት የሰራችው እህታችን መስመር በመስመር አይታልኛለች። እሷ ልክ አይደለም ያለችውን አውጥቻለሁ።

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቫይታሚን የጎደለውን ሰው ይጠቅማል። ያልጎደለውን ሰው እምብዛም አይጠቅምም፣ አንዳንዱንም ይጎዳል። ስለዚህ «የቱን ልግዛላት?» ከማለታችን በፊት «ምን ጎድሏት ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ብዙዎቻችን ቫይታሚን ጉልበት ይሰጣል ብለን እናስባለን። ጉልበት የሚሰጠው እንጀራው ነው፣ ዳቦው ነው፣ ፉሉ ነው። ቫይታሚን ያንን ምግብ ሰውነት እንዲጠቀምበት የሚረዳ፣ በጣም ጥቂት ብቻ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው አስቡት። ጨው የሌለው ወጥ አይበላም፣ ግን ጨው ስለጨመርን ሥጋው አይበዛም። ቢ እና ሲ የሚባሉት ከልክ ሲያልፉ አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ቢ ኮምፕሌክስ የዋጠ ሰው ሽንቱ ድምቅ ያለ ቢጫ ሲሆን «አየሽ፣ ሰራልኝ!» ይላል። የሚያየው ግን ተርፎ የሚወጣውን ነው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ደሞ በቀላሉ አይወጡም፣ ጉበትና ስብ ውስጥ ይቀመጣሉ። በተለይ ኤ እና ዲ ከመጠን ሲያልፉ ሰው ያሳምማሉ።

አሁን ትልልቆቹ ጥናቶች ምን እንዳገኙ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 14,641 ወንድ ሐኪሞች ከአስር ዓመት በላይ ተጠኑ። ግማሾቹ በየቀኑ መልቲ ቫይታሚን ዋጡ፣ ግማሾቹ ደሞ እሱን የሚመስል ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚውጥ እነሱም አያውቁም። ውጤቱ በፈረንጅ 2012 ሲወጣ በልብ ድካምና በስትሮክ በኩል ልዩነት አልነበረም። ካንሰር ግን መልቲ ቫይታሚን በዋጡት ላይ በ8 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ፤ መደበቅ የለብኝም።

ሌላ ደሞ 25,871 ሰዎች ያሉበት ጥናት አለ። ወንዶቹ ከ50፣ ሴቶቹ ከ55 ዓመት ጀምሮ ያሉ ናቸው። በየቀኑ 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ወይም የዓሣ ዘይት፣ ወይም ሁለቱንም፣ ወይም ባዶ ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ወሰዱ። ቫይታሚን ዲውም የዓሣ ዘይቱም ካንሰር እንዳይይዝ፣ ልብ እንዳይታመም አላደረጉም። በ2022 ደሞ አጥንት ከመሰበርም ዲው እንዳላዳነ ታወቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ስለ በሽታ መከላከል ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ቡድን ጤነኛ ሰው ካንሰርንና የልብ በሽታን ለመከላከል መልቲ ቫይታሚን ይዋጥ ወይም አይዋጥ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም አለ። ቫይታሚን ኢ እና ቤታ ካሮቲን የሚባለውን ግን ለዚህ ብላችሁ አትውሰዱ ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ቤታ ካሮቲን ካሮት ውስጥ ያለው ነው። ካሮቱን ብሉት፣ ምንም አይልም። በክኒን ሲሆን ግን ሌላ ነው። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ ክኒኑን የዋጡት የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ በዝቶባቸው ተገኘ። ሊከላከል ተብሎ የተሰጠ ነገር ነው እንግዲህ። የምትጦሩት ባባ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን የሚያንቧልል ከሆነ የቫይታሚን ካርቶኑ ላይ ይሄ ስም መኖር አለመኖሩን እዩና ለልጆቹ ንገሩ።

ስለ ማስታወስ የሚጠይቁኝ አሉ። ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ተደርጎ ከ2022 እስከ 2024 የወጣ ጥናት መልቲ ቫይታሚን የማስታወስ ፈተና ላይ ትንሽ እንዳሻሻለ አሳይቷል። ለጤነኛ ሰው ነው፣ ትንሽ ነው። የመርሳት በሽታ የያዘውን ሰው ይመልሳል አልተባለም። የልጇን ስም የረሳች እናት በጠርሙስ አትመለስም፣ ያማል ግን እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንዳንዶቻችሁ ማለት ያለባችሁ ነገር አለ። «እነዚህ የተጠኑት ፈረንጆች ወተትና ሥጋ የጠገቡ ናቸው፣ የእኔ እናት እንደነሱ አይደለችም።» ልክ ናችሁ። ለዚህ ነው ምን ጎድሏት ነው የሚለውን ጥያቄ ያስቀደምኩት። በእርጅና ጊዜ በእውነት የሚጎድሉ ነገሮች አሉ።

ዋናው ቢ12 ነው። ቢ12 በተፈጥሮው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት። ጎመንና ሽሮ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ የላቸውም። አሁን ጾሙን ሁሉ የምትጾም እናት አስቡ። ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ረቡዕና ዓርብ። ሲደመር ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ነው። በፍስኩም ቀን ቢሆን ሥጋ ከየት ይመጣል፣ እንቁላሉም ለገበያ ይወጣል። በዚያ ላይ ሰው ሲያረጅ የጨጓራው አሲድ ስለሚቀንስ ቢ12ን ከምግቡ አላቅቆ መውሰድ ያቅተዋል። ሥጋ ጠግቦ የሚበላ አሮጊትም ይጎድለዋል ማለት ነው። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን፣ እዚህ ግሉኮፋጅ ወይም ሲዶፋጅ የሚባለው፣ ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ይቀንሳል። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞልም እንደዚያው።

ሲጎድል ምን ይሆናል? እግር ይደነዝዛል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ድካም፣ የደም ማነስ፣ መርሳት ይመጣል። ጉበት ብዙ ስለሚያስቀምጥ እስኪታወቅ ዓመታት ይፈጃል። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ነርቩ ግን ቆይቶ ከተጎዳ ላይመለስ ይችላል። ይሄ እንግዲህ ቫይታሚን በእውነት መድኃኒት የሚሆንበት ቦታ ነው። በደም ይመረመራል፣ በክኒን ወይም በመርፌ ይታከማል። እናታችሁ ይሄን ምልክት የምትነግራችሁ ከሆነ መልቲ ቫይታሚን ከመላክ ይልቅ ለምርመራው ገንዘቡን ላኩ። ጾም ያፈርስብኛል ካለች ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፣ መድኃኒት መሆኑን ሐኪሙ ይንገራት።

ሁለተኛው ቫይታሚን ዲ ነው። ካይሮ ፀሐይ ሞልቶ ቫይታሚን ዲ የሚጎድለው ሰው ብዙ ነው ሲባል መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ግን እንዴት እንደሚኖሩ እናውቃለን። ሐጃዋ አራተኛ ፎቅ ናቸው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቷል፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱም መጋረጃውም ዝግ ነው። ከወጡም ተሸፍነው ነው። በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ደሞ ዲ አይሰራም። የአሮጊት ቆዳ ፀሐይ ቢያገኝም እንደ ወጣት ቆዳ አያመርትም። እስከ 70 ዓመት በቀን 600 ዩኒት፣ ከ70 በላይ 800 ዩኒት ይበቃል ይባላል። ከ4,000 በላይ በየቀኑ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መውሰድ አይገባም። በ2024 ደሞ የአሜሪካ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሳይመረመሩም ዲ ቢሰጣቸው ጥሩ ነው ብሏል፣ ነገር ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንጂ ብዙውን ባንድ ጊዜ አይደለም።

ይቺን «ባንድ ጊዜ» የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ምክንያቱም እዚህ ፋርማሲ 200,000 ዩኒት ያለው መርፌ አለ። ጎረቤት «እኔ ተወግቼ ቀለለኝ» ትላለች፣ ልጁ ገዝቶ ይመጣል፣ የፋርማሲው ሰራተኛ ይወጋል፣ አለቀ። ሐኪም መርምሮ ካዘዘው የራሱ ምክንያት አለው፣ አልቃወምም። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 2,256 ሴቶች ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ተሰጣቸው፣ እንዳይወድቁና እንዳይሰበሩ ተብሎ። በ2010 ውጤቱ ሲታይ እነሱ ናቸው የበለጠ የወደቁት፣ እነሱ ናቸው የበለጠ የተሰበሩት። ሐጃ ሲወድቁ ማን ነው የሚያነሳው? ማን ነው «የት ነበርሽ?» ተብሎ የሚጠየቀው?

ከእኔ ሥራ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐጃ ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ሦስቱም ይወዷቸዋል። አንዱ ከባሕረ ሰላጤ ሲመጣ ካርቶን ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ከዱቅቂ ትልካለች፣ ሦስተኛዋ ሐኪሙ ያዘዘውን ትገዛለች። አንድ ቀን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ደረደርኩና ጀርባቸውን ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ላይ ቫይታሚን ዲ 5,000 ዩኒት ይላል። መልቲ ቫይታሚኑ ላይ ዲ 25 ማይክሮግራም ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን 25 ማይክሮግራም ማለት 1,000 ዩኒት ነው። የካልሲየሙ ላይ ደሞ ዲ 400 ዩኒት አለ። ሲደመር በቀን 6,400። ስማቸው ሦስት ዓይነት፣ ቀለማቸው ሦስት ዓይነት፣ ውስጣቸው ግን አንድ ነገር። ሐጃ በዚያ ሰሞን ውሃ ይጠማቸዋል፣ ሆድ ድርቀት አለባቸው፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል። ዲ ሲበዛ ደም ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ እየቆየ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሰው ግራ ይጋባል። የእሳቸው ከዚያ ይሁን ከሌላ እኔ አልፈርድም። የሦስቱንም ፎቶ አንስቼ ለሁለተኛዋ ልጃቸው ላክሁላት። እሷ ሐኪሙ ጋር ደወለች፣ ሐኪሙ ሁለቱን አስቁሞ ደም አስመረመረ። ምን ተገኘ የሚለው የቤተሰቡ ጉዳይ ስለሆነ እተወዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ ካርቶን ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ ያሳዩኛል።

እናንተም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ዐረብኛ ማንበብ የማትችሉ ይሄን ያህል ቃል ለዩ። «ሐዲድ» ማለት ብረት፣ አይረን ነው። «ቪታሚን ዳል» ዲ ነው። «ዊሕዳ ዳውሊያ» የምንለው ዩኒት ነው። «ሙከሚል ጊዛኢ» የሚል ከተጻፈበት የምግብ ማሟያ ነው፣ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። በመጽሔታችን ቢሮ ሰሌዳ ላይ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል፣ በስልካችሁ አንሱት።

ከመድኃኒት ጋር የሚጋጩም አሉ፤ ይሄ ቀልድ አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ማሪቫን የሚባለውን፣ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኬ ያለበት ነገር ከተጨመረለት መድኃኒቱ ይደክማል፣ ደም ሊረጋ ይችላል። ጂንኮ የሚባለውን ቅጠል ወይም የነጭ ሽንኩርት ክኒን ከጨመረ ደሞ በተቃራኒው መድማት ሊመጣ ይችላል። የታይሮይድ መድኃኒቱ ኤልትሮክሲን ከካልሲየምና ከአይረን ጋር አብሮ አይዋጥም፣ የአራት ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። «ቁርስ ላይ ሁሉንም ባንዴ ሰጥቼ ልገላገል» የምንለው ነገር እዚህ ላይ አይሰራም። ለነርቭ ተብሎ የሚሸጠው ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 የተደባለቀበት ክኒን ደሞ ለወራት ያለ ሐኪም ሲወሰድ፣ ቢ6ቱ ሲበዛ ራሱ እግር ያደነዝዛል። ለመደንዘዝ የተወሰደ ነገር መደንዘዝ ያመጣል ማለት ነው። ለጸጉርና ለጥፍር ብለን እኛ ራሳችን የምንውጠው ባዮቲን የታይሮይድና የልብ የደም ምርመራን ውጤት ያሳስታል፤ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ተናገሩ።

አይረን ላይ ልቁም። ወጣት ሴት፣ ነፍሰ ጡር፣ ወር አበባዋ የሚበዛባት አይረን ሊያንሳት ይችላል። አሮጊትና ሽማግሌ ግን ወር አበባ የለም፣ ታዲያ ደሙ የት ሄደ? ብዙ ጊዜ ጨጓራ ወይም አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ የሚደማ ነገር አለ። ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። «ደም አንሷት ነው» ብለን አይረን ስንልክ ገርጣ ያለው ፊቷ ትንሽ ይመለሳል፣ ውስጧ ያለው በሽታ ግን ተሸፍኖ ያድጋል። ስለዚህ አይረን ለአሮጊት ሳይመረመር አይላክም። ሌላም አለ። አይረን ክኒን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ቀይ ከረሜላ ይመስላል፣ የአያት ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ የልጅ ልጅ ይከፍተዋል። የላከች ሁሉ ዛሬውኑ ደውላ «ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት» ትበል።

ካልሲየም እንዲሁ በክኒን ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 36,282 አሜሪካውያን ሴቶች በተጠኑበት ሥራ ካልሲየምና ዲ የወሰዱት የኩላሊት ጠጠር በ17 ከመቶ በዝቶባቸዋል፣ በ2006 የወጣ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ እዚህ ቀሪሽ የሚባለው ርካሹ አይብ፣ ጠሂና፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን ካልሲየም አላቸው።

ለዓይንም የሚሸጥ አለ። ሬቲና መሀሉ በእርጅና ለሚጎዳበት በሽታ፣ ያውም መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው፣ ሉቲንና ዚንክ ያለበት የታወቀ ቅንብር መባባሱን ያዘገያል። በ2001 እና በ2013 በወጡ ጥናቶች ታይቷል። የእናቶቻችን ዓይን ግን ብዙውን ጊዜ የሚጋረደው በሞራ ነው። አገራችን ውስጥ ለመታወር ዋናው ምክንያት ሞራ ነው፣ እሱን ደሞ ምንም ክኒን አይገፈውም። ኦፕሬሽን ነው፣ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ኦፕሬሽን። ሦስት ዓመት የዓይን ቫይታሚን እየተላከላት እየጨለመባት የሄደች እናት አውቃለሁ። ልጅቷ እዚህ መሀላችን ናት፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው። እናቷ በኋላ ተሰርታ አሁን መርፌ ክር ታስገባለች።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እናት ስልክ ላይ ምን ትላለች? «ጉልበቴን ያመኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ አቅም አጣሁ።» እኛ ደሞ ቶሎ የሚመጣልን «ቫይታሚን እልክልሻለሁ» ነው። ግን ራስ ማዞር የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። አቅም ማጣት ስኳር ሊሆን ይችላል። ግፊት በአንድ ጨርቅ ክንድ ላይ ጠምጥሞ የሚለካ ነገር ነው፣ ጤና ጣቢያ ይለካል። ጥርሷ ያለቀ እናት አቅም የምታጣው ምግብ ማኘክ ስላቃታት ሊሆን ይችላል። ብቻዋን ስለሆነች ምግብ የማትሰራም አለች፤ ሻይና ዳቦ ውላ ታድራለች።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በፈረንጅ 2011 በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ነው አሁን ብዙ ወረዳ የደረሰው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ በዚያ ደብተር ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሲላክ ሆስፒታል ይታከማል። ብዙዎቻችን የማናውቀው በየዓመቱ መታደስ እንዳለበት ነው። ደብተሩ ሳጥን ውስጥ አለ፣ ግን ሳይታደስ ቀርቶ አይሰራም። ዛሬ ስትደውሉ ለወንድማችሁ «የእማዬ መድን ዘንድሮ ታድሷል?» በሉት። መዋጮውን ከአንድ ጥሩ ቫይታሚን ጠርሙስ ዋጋ ጋር አስተያዩት። እኔ አስተያይቼ ነው የእናቴን በየዓመቱ የምከፍለው።

ጠርሙሱ ግን ጠርሙስ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እናት ቡፌው ላይ ከስኒው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ጎረቤት ቡና ሲመጣ «ልጄ ከምስር ላከችልኝ» ትላለች። ይሄን ማንም እንዳይነጥቃት። ስለዚህ ሌላ የሚታይ ነገር ላኩ። የማያንሸራትት ሶል ያለው ጫማ ላኩ፤ አሮጊት የሚሰብራት ያ ከታች ያለቀ ላስቲክ ጫማ ነው። ወፍራም ሻል፣ የማንበቢያ መነጽር፣ የማታ መብራት። ከገንዘቡ ደሞ በሳምንት ይህን ያህል እንቁላል እንዲገዛላት ለእህታችሁ በስሟ ላኩ። ለምትጦሩትም ቢሆን የበረንዳ ፀሐይ ጠዋት ጠዋት፣ ፉል ላይ አንድ እንቁላል፣ ከክፍል እስከ ክፍል እጃቸውን ይዞ ማራመድ። መራመድና ሚዛን መጠበቅን መለማመድ መውደቅን እንደሚቀንስ በደንብ ታይቷል፣ ዋጋውም የእኛ ትዕግሥት ነው።

ስለ ሥራችን አንዲት ነገር። ቤተሰቡ ሳያውቅ ምንም ክኒን አትጨምሩ፣ ከራሳችሁ ገዝታችሁም ቢሆን፣ አዝናችሁም ቢሆን። እኛ የመኖሪያ ወረቀታችን የተስተካከለም ያልተስተካከለም አለን፤ አንድ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ የሚታየው የእኛ እጅ ነው። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንም ጨምራችሁ፣ ወረቀት ላይ ጻፉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። ሐኪም ቤት ሲኬድ ወረቀቱ አብሮ ይሂድ። ሐኪሞች «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲሉ ቤተሰብ ቫይታሚኑን አይቆጥረውም፣ መድኃኒት አይመስለውማ።

ከንግግሩ በኋላ አንዲት እህት ስለ ጥቁር አዝሙድ ጠየቀችኝ፣ እዚህ ሐበት ባረካ የሚሉትን። ዳቦ ላይ፣ ሻይ ውስጥ፣ እንደ ቅመም ከሆነ እናቶቻችንም ሲበሉት ኖረዋል። በካፕሱል የታሸገው ዘይት ግን የደም ግፊትንና ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ለሁለቱ መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለሐኪሙ ይነገር። ሌላዋ «የገዛኋቸውን ሦስት ጠርሙሶች ምን ላድርጋቸው?» አለች። ካልተከፈቱ ደረሰኙን ይዛ ፋርማሲውን ትጠይቅ፣ ካልመለሱላት ደሞ የጀርባውን ፎቶ ይዛ ትምጣ። በሚቀጥለው ዓርብ ነርሷ እህታችን የግፊት መለኪያዋን ይዛ ከሰዓት በኋላ ትገኛለች፣ የእኛንም ትለካለች። በዚያ ሳምንት ሻንጣ የምትልኩ ካላችሁ ከማሰራችሁ በፊት ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።